የበረዶው ችካል

ሚያዝያ ሲያልቅ፣ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ፀሐይ መጥለቅ ካቆመች ሰንብታለች። ኒ-ኦሌሱንድ ከምትባለው መንደር ጥቂት ሰዎች በበረዶ ሞተር ተነሥተው አውስትሬ ብሮገርብሬን ወደተባለው የበረዶ ግግር ይወጣሉ። ነጭ ድብ ድንገት ሊመጣ ስለሚችል ጠመንጃ አይለያቸውም። ግግሩ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው የሚፈልገው ከበረዶው ብቅ ያለ ቀጭን ችካል ነው። ሲያገኙት ሜትር ዘርግተው ከበረዶው በላይ የቀረውን ቁመት ይለካሉ። በረጅም ዘንግ እየወጉ ክረምቱ የከመረውን በረዶ ጥልቀት ያያሉ፤ ጉድጓድ ቆፍረውም እየቆረሱ ይመዝኑታል። ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ አስፍረው ወደሚቀጥለው ችካል ያልፋሉ። በጋው ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ግድም፣ ተመልሰው እንደገና ይለካሉ። ያን ጊዜ ችካሉ ከበፊቱ ረዝሞ ይታያል፤ በረዶው ከሥሩ ስለወረደ ነው። ክረምት ያስገባው ተደምሮ፣ በጋ ያወጣው ተቀንሶ የዓመቱ ሒሳብ ይዘጋል። ይህ ሒሳብ ከ1967 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲዘጋ ኖሯል፤ ከጥቂት ዓመታት በቀርም የሚዘጋው በኪሳራ ነው። ጎረቤቱ ሚድትሬ ሎቬንብሬን በ1968 ተከተለ፤ የእሱም መዝገብ የሚናገረው ያንኑ ነው።

ሥራው ዜና አይወጣውም። ችካል የለካ ሰው ስሙ በጋዜጣ አይነሣም፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውንም ብዙ አይናገርም። የሚያስከብረው አለመቋረጡ ነው። እንዳይቋረጥ ደግሞ በየዓመቱ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል፤ ከፋዩ የኖርዌይ ግብር ከፋይ ነው፤ ገንዘቡ በፓርላማው በጀት አልፎ የኖርዌይ የዋልታ ኢንስቲትዩት እጅ ይገባል። የዚህን ተቋም ታሪክ ወደ ኋላ ስከተለው በጀቱ መጀመሪያ ለአየር ንብረት ተብሎ የተመደበ ሆኖ አላገኘሁትም። የተመደበው ለአገር ስም፣ ለድንጋይ ከሰል፣ ለዓሣና ለወሰን ነበር። በረዶ የሚለካበት ችካል የተተከለው መሬት የሚያዝበትን ችካል ተከትሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕዝብ ካዝና ለሰሜን ዋልታ የተከፈተበትን ጊዜ ለፈለገ 1890 ጥሩ መነሻ ነው። ፍሪድቾፍ ናንሰን ያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። መርከብ ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስይዞ፣ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈ ዋልታውን ለማቋረጥ አቀደ። በዋልታ ጉዞ ስም ያተረፉ የውጭ አገር ሰዎች ራስን ማጥፋት ነው አሉት። ስቶርቲንግ የሚባለው የኖርዌይ ፓርላማ ግን 200,000 ክሮነር ፈቀደለት፤ ኋላም 80,000 ጨመረለት። ጠቅላላ ወጪው 445,000 ክሮነር ገደማ ስለነበር ከግማሽ በላዩን ሕዝቡ ሸፈነ ማለት ነው። ኖርዌይ በዚያ ዘመን ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር የምትተዳደር አገር ነበረች፤ የናንሰን ሠራተኞች በሙሉ ኖርዌያውያን መሆናቸው ትልቅ ትርጉም ነበረው። ‹‹ፍራም›› የተባለችው መርከብ ከ1893 እስከ 1896 በበረዶ ተይዛ ከረመች። ዋልታው ላይ አልደረሰችም። ሆኖም ያ ባሕር ጥልቅ ውቅያኖስ መሆኑን አረጋግጣ ተመለሰች፤ በረዶው ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ እያደላ እንደሚንሳፈፍም ናንሰን መዝግቦ መጣ። ከዚያች አንዲት ምዝገባ ተነሥቶ ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ዛሬም የውቅያኖስ ተማሪ ሁሉ የሚማረውን የነፋስና የባሕር ፍሰት ስሌት ሠራ። ፓርላማው የከፈለው ለአገር ስም ነበር፤ ተርፎ የቀረው ይህ እውቀት ነው።

ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ተለይታ ራሷን ቻለች። ዋልታው ግን ወዲያው የመንግሥት ሥራ አልሆነም። በ1906 እና በ1907 ወደ ስፒትስበርገን (የስቫልባርድ የዚያ ዘመን ስም ነው) የሄደውን የኖርዌይ የካርታ ቡድን ቀለብ የሰፈሩለት የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት ነበሩ። ልዑሉ የባሕር ሳይንስ ፍቅር የያዛቸው ሰው ናቸው፤ በራሳቸው መርከብ አራት ጊዜ ወደዚያ ወጥተዋል። የካርታውን ሥራ የሰጡት ጉናር ኢሳክሰን ለሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። የዋልታ ኢንስቲትዩቱ ዛሬም የልደት ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1906 ጀምሮ ነው። የአንድ አገር የመንግሥት ተቋም ሥሩ በሌላ አገር ልዑል ኪስ ውስጥ መገኘቱ እኔን ያስደንቀኛል። ለጋሹ በፈለገ ጊዜ ይሰጣል፣ በሰለቸው ጊዜ ይተዋል፤ ከ1907 በኋላ ኢሳክሰን ፊቱን ወደ ራሱ መንግሥት አዞረ። በ1909 እና በ1910 በኖርዌይ ባሕር ኃይል መርከብ በ‹‹ፋርም›› ተሳፍሮ በመንግሥት ድጋፍ ሥራውን ቀጠለ።

በዚያን ጊዜ ስፒትስበርገን የማንም አልነበረችም። ሕግ የሚያወጣ፣ ዳኛ የሚሾም መንግሥት አልነበረባትም። የፈለገ መጥቶ ‹‹ይህ መሬት የእኔ ነው›› የሚል ሰሌዳ ተክሎ ይሄዳል። ኮንግስፊዮርድ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ማዶ፣ ብሎምስትራንድ በተባለ ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ ኧርነስት ማንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1911 እብነ በረድ አገኘሁ ብሎ የማዕድን ሰፈር አቆመ። ድንጋዩ ግን ዘመን ሙሉ ሲቀዘቅዝና ሲፈታ የኖረ ስለነበር ተሰነጣጥቆ ገበያ የማይወጣ ሆነ። ማሽኖቹና ጎጆዎቹ ዛሬም ዝገው ይታያሉ። በወሽመጡ በወዲህ በኩል በ1916 ከኦሌሱንድ ከተማ የመጡ ነጋዴዎች የኪንግስ ቤይ የከሰል ኩባንያን አቋቁመው መንደር ቆረቆሩ። ኒ-ኦሌሱንድ ማለት አዲሲቱ ኦሌሱንድ ማለት ነው።

ተቋሙን ተቋም ያደረገው ግን አዶልፍ ሁል የተባለ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ነው። ከኢሳክሰን ጋር በ1907 ከተጓዘ ጀምሮ ሐሳቡ ከስፒትስበርገን አልወጣም። ክረምቱን ኦስሎ ውስጥ የሚኒስትሮችን፣ የባንክ ሰዎችንና የከሰል ኩባንያዎችን ደጅ ሲጠና ይከርማል፤ በጋውን ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ጉዞዎቹ የታተሙበት ርእስ ራሱ ሁኔታውን ይናገራል፦ በመንግሥት የሚደገፉ የኖርዌይ የስፒትስበርገን ጉዞዎች። ድጋፍ ነው እንጂ መደብ አይደለም። ሰው ለአንድ በጋ ይቀጠርና ይበተናል፤ መሣሪያ ይከራይና ይመለሳል። ከዓመት ዓመት የሚሻገረው ሁል ራሱና ሣጥን ሙሉ ማስታወሻው ብቻ ነው።

ዘላቂ በጀት ያመጣው ፖለቲካ ነው። የካቲት 9 ቀን 1920 ፓሪስ ላይ የስቫልባርድ ውል ተፈረመ፤ ደሴቶቹ የኖርዌይ ሆኑ፤ ሥልጣኑም ነሐሴ 14 ቀን 1925 ጸና። ውሉ ግን ለፈራሚ አገር ዜጎች ሁሉ በዓሣ፣ በአደንና በማዕድን እኩል መብት ሰጠ። ለሳይንስ ምርምር ወደፊት የተለየ ስምምነት እንደሚደረግ በአንቀጽ 5 ቢናገርም ያ ስምምነት እስከ ዛሬ አልተደረገም። ኖርዌይ የወረቀት ባለቤት ሆና እንዳትቀር መሬቱን ለክታ፣ ካርታ አውጥታ፣ ስም ሰጥታ፣ መብራት አቁማ ማሳየት ነበረባት። በ1928 የኖርዌይ የስቫልባርድና የበረዶ ባሕር ጥናት መሥሪያ ቤት በሁል ኃላፊነት ተቋቋመ። ቋሚ ሠራተኛና ዓመታዊ በጀት ያለው ቤት ይህ የመጀመሪያው ነው። የካርታ ሰዎቹ ለየተራራው፣ ለየወሽመጡ፣ ለየግግሩ ስም አወጡ፤ የቦታ ስሞቹ መዝገብ በ1942 ታትሞ ሲወጣ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። ስም ማውጣት ያን ጊዜ የሳይንስ ያህል የባለቤትነት ሥራ ነበር።

የሁልን ታሪክ ሳነሣ ክፉውንም አልደብቅም። መሥሪያ ቤቱን የአገር ማስፋፊያ መሣሪያ አድርጎ ያይ ነበር። ኖርዌይ በ1931 ምሥራቅ ግሪንላንድን ያዝኩ ስትል ከገፋፉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ በሚያዝያ 1933 የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለዴንማርክ ፈረደ። ጀርመን ኖርዌይን በያዘች ጊዜ ከናዚ ደጋፊው ፓርቲ ጋር ቆመ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲንም በበላይነት መራ፤ ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። ለብዙ ዓመታት የሰበሰበው የመለኪያ መዝገብ ግን ለተተኪዎቹ ቀረ። የአንድ ሰው ሥራ ከሰውየው ጋር እንዳይወድቅ ያደረገው በመንግሥት ቤት መቀመጡ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ በኅዳር 1944፣ ሶቪየት ኅብረት የስቫልባርድ ውል ይሻርልኝ ብላ ጠየቀች። ጥያቄው አልተሳካም፤ ኖርዌይን ግን አስደነገጠ። በ1948 አሮጌው መሥሪያ ቤት የኖርዌይ የዋልታ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሲደራጅ ደቡቡም ሰሜኑም በእጁ ገባ። እንዲመራው የተጠራው ሃራልድ ስቨርድሩፕ ነበር። በዋልታ ተጓዡ በአሙንድሰን ‹‹ሞድ›› መርከብ ላይ ለዓመታት በረዶ ውስጥ የኖረ፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ውስጥ የታወቀውን የስክሪፕስ የውቅያኖስ ተቋም ከ1936 ጀምሮ የመራ ሰው ነው። ስቨርድሩፕ ወሰንና ከሰል የገነቡትን ቤት ወደ ሳይንስ መለሰው። በ1949 ለደቡብ ዋልታ ከብሪታንያና ከስዊድን ጋር የጋራ ጉዞ ላከ፤ እስከ 1952 ቆየ። ሦስት አገሮች ወጪ ተካፍለው አንድ መዝገብ የሚያወጡበት አሠራር ነበርና ዛሬ ለምናየው የብዙ አገር ምርምር እንደ ልምምድ ሆነ።

ኢንስቲትዩቱ ይህን ሁሉ ሲሠራ በኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር። ከሰል የሚያወጡትና በረዶ የሚለኩት የአንድ ሚኒስቴር ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ወደ አካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው በ1979 ነው።

አሁን ወደ መንደሯ ልመለስ። ኒ-ኦሌሱንድን የምርምር መንደር ያደረጋት አሳዛኝ ነገር ነው። ማዕድኑ ከመጀመሪያውም አደገኛ ነበር። በ1929 ተዘጋ፤ በ1933 መንግሥት ኩባንያውን ወሰደ፤ በ1945 ሥራው እንደገና ተጀመረ። በ1948 ፍንዳታ 15 ሰዎች ገደለ። በ1952 ዘጠኝ። በ1953 አሥራ ዘጠኝ። ኅዳር 5 ቀን 1962 ደግሞ 21 ሠራተኞች ከመሬት በታች ሞቱ። ባለቤቱ ራሱ መንግሥት ስለነበር ጥያቄው ፓርላማ ገባ፤ የጥንቃቄ ጉድለት ተገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ኖርዌይን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አይናር ጌርሃርድሰን በነሐሴ 1963 መተማመኛ ድምፅ አጥተው ለአንድ ወር ያህል ከሥልጣን ወረዱ። ማዕድኑም ለዘለዓለም ተዘጋ።

መንግሥት ባዶ መንደር በእጁ ቀረ። ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ሰው የማይኖርበት የኖርዌይ መሬት ሶቪየቶች አጠገብ መተው አልፈለገም። መጀመሪያ በ1967 የአውሮፓ የኅዋ ምርምር ድርጅት የሳተላይት ጣቢያ ተከለ። በ1968 የዋልታ ኢንስቲትዩቱ ትንሽ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። የችካሉ መዝገብ ከዚህ ዘመን ነው የሚነሣው። ኪንግስ ቤይ የሚለው የከሰል ኩባንያ አልፈረሰም፤ ዛሬም የመንግሥት ሆኖ ለተመራማሪው ቤት ያከራያል፣ ወጥ ይሠራል፣ ወደቡንና የአውሮፕላን ማረፊያውን ይጠብቃል። ከሰል ትጎትት የነበረችው ትንሽ ባቡርም ወደቡ አጠገብ ቆማ አለች።

ከመንደሯ በላይ ዜፔሊን የሚባል ተራራ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኖርዌይ እዚያ፣ 475 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአየር መለኪያ ጣቢያ ሠራች። ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ በገመድ የተንጠለጠለች ጋሪ ሠራተኛውን ይዛ ትወጣለች። ማጣሪያ ይቀይራል፣ ቧንቧ ይፈትሻል፣ ነፋሱ ከበረታ እስኪያልፍ እዚያው ይቆያል። ለአሜሪካ የአየር መለኪያ መረብም የመስታወት ጠርሙስ በአየር ሞልቶ ይልካል። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 350ዎቹ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ፋብሪካ በሌለበት፣ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ቦታ መለካቱ የዓለምን አየር ሳይበረዝ ለማየት ነው። ያም ሆኖ በ2006 ጸደይ ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ታየ። በምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎች ማሳ ሲያቃጥሉ የተነሣው ጭስ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ጣቢያው ጋ ደርሶ ነበር።

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ በር ተከፈተ። የሶቪየት ኅብረት መሪ ጎርባቾቭ በጥቅምት 1987 ሙርማንስክ ላይ አርክቲክ የሰላምና የሳይንስ ቀጠና ትሁን አሉ፤ በ1990 ዓለም አቀፉ የአርክቲክ ሳይንስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጀርመን፣ ጃፓንና ብሪታንያ በ1990ዎቹ መባቻ ኒ-ኦሌሱንድ ገቡ። ጣሊያን በ1997፣ ደቡብ ኮሪያ በ2002፣ ቻይና በ2004፣ ህንድ በ2008 ተከተሉ። የቻይና ጣቢያ በር ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ተቀመጡ። ክረምት ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ብቻ በሚያድርባት መንደር የአሥር አገሮች የሕዝብ ገንዘብ ጎን ለጎን ይሠራል። የመለኪያ መሣሪያዎቹን እንዳይረብሽ ስልክ ያለ ዋይፋይና ያለ ብሉቱዝ ይያዛል። ድብ ቢመጣ የሚያልፍ ሰው ቶሎ እንዲገባ የቤት በር አይቆለፍም።

ኖርዌይ ስቫልባርድ ላይ ከምርምር ሌላም ሥራ በሕዝብ ገንዘብ ትሠራለች። በ2008 ከሎንግየርቢየን ከተማ አጠገብ በተራራ ውስጥ የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ከኢልሪ፣ የተላኩ የመኖ ዘሮችም እዚያ በቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዋልታው ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አለመሆኑን ይህ አንድ ነገር ያሳየኛል።

ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚሰጥ ግን ዛሬም ክርክር አለው። በ1993 ኖርዌይ አምስት የምርምር ምክር ቤቶቿን አዋሕዳ አንድ የምርምር ምክር ቤት አቋቋመች። ተመራማሪው ፕሮጀክት ይጽፋል፣ ይወዳደራል፤ ካሸነፈ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ያገኛል። ለአዲስ ጥያቄ ይህ መልካም ነው፤ ሰነፍ ሐሳብ ይጣራበታል። ለችካል ግን አይሆንም። ‹‹ባለፈው ዓመት የለካሁትን ዘንድሮም እለካለሁ›› የሚል ማመልከቻ በውድድር አያሸንፍም። አሜሪካዊው ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎአ ተራራ ላይ ከ1958 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲለካ ይህ ደርሶበታል። በ1964 በጀት ተቆርጦበት ልኬቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ዛሬ ዓለም በሚያውቀው ግራፍ ላይ ያ ክፍተት አልተሞላም። ኋላም ገንዘብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሥራህ የዘወትር ምዝገባ እንጂ ምርምር አይደለም ይለው ነበር። ኒ-ኦሌሱንድ ላይ ይህ ያልደረሰው የችካሉ ወጪ በውድድር ሳይሆን በኢንስቲትዩቱ መደበኛ በጀት ውስጥ ስላለ ነው። ለእኔ የዚህ ተቋም ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ በማንም ዓይን የማይገባውን ልኬት በደመወዝ ማስቀጠሉ።

ትላልቆቹ ሥራዎች በሁለቱም መንገድ ይሠራሉ። በ2015 ኢንስቲትዩቱ ‹‹ላንስ›› የተባለች አሮጌ መርከብ ከጥር እስከ ሰኔ ከስቫልባርድ ሰሜን በረዶ ውስጥ አስያዘ። የናንሰን መርከብ ሦስት ዓመት በረዶ ተሸክሟት ሄዷል። ‹‹ላንስ›› በግማሽ ዓመት ውስጥ የያዛት በረዶ እየተሰባበረ አራት ጊዜ ከበረዶ ወደ በረዶ ተዛወረች። በ2018 ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ክሮነር ገደማ የወጣባት በረዶ ሰባሪ የምርምር መርከብ ‹‹ክሮንፕሪንስ ሆኮን›› ሥራ ጀመረች። በናንሰን ስም የተጠራው ታላቅ ጥናት 740 ሚሊዮን ክሮነር በጀት ነበረው፤ ግማሹን የምርምር ምክር ቤቱና የትምህርት ሚኒስቴር፣ ግማሹን አሥር ተቋማት ከራሳቸው አዋጡ። ይህን ሁሉ የሚችለው ካዝና ትልቅ ድርሻው የመጣው ከሰሜን ባሕር ዘይትና ጋዝ ነው። በረዶውን የሚያቀልጠውና የበረዶውን መቅለጥ የሚለካው ገንዘብ ከአንድ ጉድጓድ መቀዳቱ ያሳዝነኛል፤ ይህን ኖርዌያውያን ራሳቸውም ይነጋገሩበታል።

ከኒ-ኦሌሱንድ ወደብ ማዶ ብሎምስትራንድ ይታያል፤ ማንስፊልድ እብነ በረድ ሲቆፍር የነበረበት። በቀደሙት ካርታዎች ላይ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ስሙም በኖርዌይኛ ብሎምስትራንድሃልቭዮያ፣ የብሎምስትራንድ ባሕረ ገብ መሬት ይባላል። ከዋናው መሬት ጋር ያያይዘው የነበረው ግን ግግሩ ነበር። በረዶው ሲሸሽ ባሕሩ በኋላ ዞሮ ገባ። ዛሬ ጀልባ ይዞ የወጣ ሰው ዙሪያውን ቀዝፎ ይመለሳል፤ ቦታው ደሴት ሆኗል። ካርታው ታርሟል፤ ስሙ ግን ባሕረ ገብ መሬት እንደሆነ ቀርቷል።